ፖሊሲ፣ ስታንዳርድ፣ ፕሮሲጀር፣ ጋይድላይን፤ እና «መመሪያ» የሚለው ቃል

ጥያቄ፦ «በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ኃላፊ ያዘጋጁት 74 ገጽ ያለው ‹የመረጃ ደኅንነት ፖሊሲና መመሪያ› አለን። የውጭ ኦዲተሩ ‹ፖሊሲውን፣ ስታንዳርዱን፣ ፕሮሲጀሩንና ጋይድላይኑን አንድ ላይ ቀላቅላችኋል፤ ለዩ› ብሎ ጽፎብናል። በእርግጥ ልዩነት አላቸው? ወይስ የወረቀት ሥራ ነው? ካላቸውስ ከየት ልጀምር?»

መልስ፦

ልዩነት አላቸው፤ ኦዲተሩም አልተሳሳተም። የወረቀት ሥራ ብቻ ሆኖ የሚቀረው ሰነዱን በአራት ከፍለው፣ ርዕስ ሰጥተው፣ መልሰው መደርደሪያ ላይ ካስቀመጡት ነው።

አራቱን የሚያስረዳ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን ይሥልና ፖሊሲን ጫፉ ላይ፣ የቀሩትን ከሥር ከሥሩ ይደረድራል። ሥዕሉ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በነጋታው አንድ አንቀጽ በእጅዎ ይዘው «ይህስ የት ይግባ?» ሲሉ አያግዝዎትም። እኔ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ፦ ይህን የመቀየር ሥልጣን ያለው ማን ነው? ሳይፈጽመው የቀረ ሰውስ ምን ይጠየቃል?

ከዳይሬክተሮች ቦርድ በቀር ማንም ሊነካው የማይችል ከሆነ፣ የጣሰውም ሰው በዲሲፕሊን የሚጠየቅበት ከሆነ፣ ፖሊሲ ነው። ፖሊሲ የተቋሙ ውሳኔ ነው። ምን እንደምንጠብቅ፣ ለምን እንደምንጠብቅ፣ ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደወደቀ ይናገራል፤ አደራረጉን ለሌሎች ሰነዶች ይተወዋል። የፖሊሲ ገጽ ላይ የሶፍትዌር ስም ወይም የይለፍ ቃል ርዝመት ካገኙ ቦታውን ስቶ የገባ ነው።

ስታንዳርድ ያንን ውሳኔ ወደሚለካ ነገር ይለውጠዋል፦ ስንት፣ በስንት ጊዜ፣ በየትኛው ዓይነት። ለማሻሻል ቦርድ መሰብሰብ የለበትም፤ እርስዎና የሥራ አመራሩ ትበቃላችሁ። አስገዳጅነቱ ግን ከፖሊሲው አያንስም። ሊያሟላው ያልቻለ ክፍል ምክንያቱንና የሚያሟላበትን ቀን ጽፎ ልዩ ፈቃድ ያስፈርማል። ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ከሌለው ስታንዳርዱ ተሽሯል ማለት ስለሆነ፣ ቀን የሌለው ልዩ ፈቃድ እንዳይፈርሙ አደራ እላለሁ።

ፕሮሲጀር በየመሥሪያ ቤቱ የአሠራር ማኑዋል የምንለው ነው። ማን፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በየትኛው ቅጽ፣ የትኛውን ቁልፍ ተጭኖ። የሚያሻሽለው ሥራውን በእጁ የሚያውቀው የክፍል ኃላፊ ነው፤ ሥራው በተለወጠ ቁጥር መለወጥ አለበት። ጋይድላይን ደግሞ ምክር ነው። ያልተከተለው ሰው አመዛዝኖ ሌላ መንገድ መርጧል እንጂ ጥፋት አልሠራም።

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ጋይድላይንን «መመሪያ» ብለን ተረጎምነው። በአገራችን ደግሞ መመሪያ ምክር ሆኖ አያውቅም። ሕገ መንግሥት፣ አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ፦ ይህን ተዋረድ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ ደግሞ በአስፈጻሚ ተቋማት ይወጣል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚመዘገብ በዝርዝር ደንግጓል። ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ሲያወጣ «ደስ ካላችሁ» ማለቱ እንዳልሆነ የእርስዎ ተቋም ከማንም በላይ ያውቀዋል።

እንግዲህ ሠራተኛዎ «የመረጃ ደኅንነት መመሪያ» የሚል ሽፋን አይቶ ግዴታ ነው ብሎ ይገልጣል። ውስጡ «ቢደረግ መልካም ነው» የሚሉ አንቀጾች ያገኛል። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ በእውነት የሚያስገድደው መመሪያ ሲደርሰው በዚያው ዐይን ያነበዋል። የችግሩ ክፋት ይህ ነው፦ ምክሩን ግዴታ ስላስመሰልነው ግዴታው ምክር ይመስላል። ስለዚህ በተቋምዎ ውስጥ «መመሪያ» የሚለውን ቃል ተቆጣጣሪ አካል ለሚያወጣው ብቻ ይተዉት። ጋይድላይኑን «ምክረ ሐሳብ» ይበሉት፤ ሽፋኑ ላይም «አያስገድድም» ብለው ይጻፉ። ስታንዳርድና ፕሮሲጀር የሚሉትን ቃላት ግን እንዳሉ ቢጠቀሙባቸው ግድ የለም፤ ሰው ለምዷቸዋል።

አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ምን እንደሚመስሉ ላሳይዎት። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ክሊራንስ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር አይተዋል። ንብረት ክፍል ላፕቶፑንና ወንበሩን፣ ሒሳብ ክፍል ያልተወራረደውን ቅድመ ክፍያ አረጋግጠው ይፈርሙለታል። ካልኩሌተር ሳያስረክብ የማይወጣ ሰው ነው። የደንበኞችን ሒሳብ የሚከፍትበት የተጠቃሚ ስሙ ግን ከወራት በኋላም ሲሠራ የተገኘባቸው ተቋማት ጥቂት አይደሉም፤ ቅጹ ላይ ለእሱ የተተወ መስመር ስለሌለ።

ፖሊሲው በዚህ ላይ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «ማንኛውም ሰው የተቋሙን መረጃ የሚያገኘው ሥራው በሚጠይቀው ልክና በሥራው ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።» ዐሥር ዓመት ቢቆይ አያረጅም። ስታንዳርዱ ይቀጥላል፦ «የለቀቀ ሠራተኛ የተጠቃሚ መለያ በመጨረሻው የሥራ ቀኑ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት መዘጋት አለበት፤ ሠራተኛው የአስተዳዳሪ ፈቃድ የነበረው ከሆነ የሚያውቃቸው የጋራ የይለፍ ቃሎች በዚያው ቀን መቀየር አለባቸው።» ኦዲተሩ ይህን ይዞ መጥቶ መለካት ይችላል። ፕሮሲጀሩ ወደ ሰዎቹ ይወርዳል፦ የሰው ኃይል ክፍል የመልቀቂያ ደብዳቤ በተቀበለ ቀን የመለያ መዝጊያ ቅጽ ሞልቶ ለእርስዎ ክፍል ይልካል፤ የሲስተም አስተዳዳሪው በዋናው የባንክ ሲስተም፣ በኢሜይልና በርቀት መግቢያው ላይ መለያውን ይዘጋል፤ ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል፤ ሒሳብ ክፍል ይህን ፊርማ ክሊራንሱ ላይ ሳያይ የመጨረሻውን ክፍያ አይከፍልም። ምክረ ሐሳቡ ደግሞ ለቅርብ አለቃው የተጻፈ ነው፦ የሚለቀው ሰው የያዛቸውን ፋይሎች ከመሄዱ ከሳምንት በፊት አብረውት ተቀምጠው ቢረከቡ ይመከራል።

ፖሊሲውን ሥራ ላይ ያዋለችው ከመጨረሻ ክፍያው ጋር የታሰረችው ያቺ ፊርማ ናት። ፊርማዋን ፖሊሲው ውስጥ ቢፈልጉ አያገኟትም፤ ማግኘትም የለብዎትም።

ቁጥር ከፖሊሲ ይውጣ የምለው ለሰነዱ ውበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም፣ በምህጻሩ ኒስት፣ የኤሌክትሮኒክ ማንነት ማረጋገጫን የሚመለከት አንድ ሰነድ አወጣ። ቢል በር የተባሉ ባለሙያ በጻፉት አባሪ ውስጥ የይለፍ ቃል ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት እንዲቀላቀልበት፣ በየጊዜውም እንዲቀየር የሚመክር ሐሳብ ነበር። ልብ ይበሉ፤ የሰነዱ ርዕስ ራሱ ጋይድላይን ይላል። ምክር ነበር። በዓለም ዙሪያ ያሉ ተቋማት ግን ገልብጠው ፖሊሲያቸው ውስጥ አስገቡት፣ ቦርድ አጸደቀው፣ ማኅተም አረፈበት። ሰዉም በየሦስት ወሩ የይለፍ ቃሉ መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2፣ 2ን ወደ 3 እየቀየረ ኖረ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ኒስት ራሱ ሰነዱን አሻሻለ። የይለፍ ቃሉ መሾለኩን የሚያሳይ ምልክት ከሌለ በቀር በየጊዜው ቀይሩ ብላችሁ አታስገድዱ፤ የፊደልና የምልክት ድብልቅም አትጠይቁ፤ ይልቅስ ቀደም ሲል ከሾለኩ የይለፍ ቃሎች ጋር አመሳክሩ አለ። ቢል በር በዚያው ዓመት ለዎል ስትሪት ጆርናል በሰጡት ቃል ከጻፉት ብዙው እንደሚጸጽታቸው ተናገሩ። እንዲህ ብሎ በአደባባይ መናገር ትልቅነት ይመስለኛል። ነገር ግን ምክሩን የሰጡት ሰው ሐሳባቸውን ከለወጡ በኋላም የ90 ቀኑ ግዴታ በብዙ ፖሊሲዎች ውስጥ ቆየ። የእርስዎም 74 ገጽ ውስጥ ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። ቁጥሩ በስታንዳርድ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አንድ ፊርማ ያነሣው ነበር፤ ፖሊሲ ውስጥ ስላለ የቦርድ አጀንዳ እስኪያገኝ ይጠብቃል።

በተቃራኒውም ይሠራል። የካርድ ክፍያ የሚያስተናግዱ ተቋማት በውል የሚገደዱበት ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ፣ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. በወጣው አራተኛ ዕትሙ ትንሹን የይለፍ ቃል ርዝመት ከ7 ወደ 12 ፊደል ከፍ አድርጎታል። ይህኛው ስሙም ግብሩም ስታንዳርድ ነው። ተቋምዎ ወደ ካርድ አገልግሎት ከገባ የራስዎን ስታንዳርድ ከዚያ ጋር ያስተካክላሉ፤ ፖሊሲው ግን ቃል አይቀየርበትም። በነገራችን ላይ የውጭውን ስታንዳርድና የራስዎን ስታንዳርድ አይቀላቅሉ። የውጭው የሚለካዎት ሌላ ሰው የያዘው ሜትር ነው፤ የራስዎ ግን እርስዎ ራስዎ የቆረጡት ልክ ነው።

አሁን ወደ ግሥ እንምጣ፤ ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። አይኤስኦ 27001 እና 27002 የሚባሉት፣ ስለ መረጃ ደኅንነት የወጡ ሁለት ጎረቤት ዓለም አቀፍ ሰነዶች በእንግሊዝኛው ሆን ተብሎ በተለየ ግሥ ተጽፈዋል፦ የመጀመሪያው በሚያዝ ግሥ፣ ሁለተኛው በሚመክር ግሥ። በአማርኛው ግን «ይገባል» የሚል ግሥ አለን፤ አንዱ አንባቢ «ግዴታ ነው» ብሎ፣ ሌላው «ቢሆን ጥሩ ነው» ብሎ ያነበዋል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከሰነድዎ ያውጡት። ግዴታ ሲሆን «አለበት»፣ ምክር ሲሆን «ይመከራል» ብለው ይጻፉ፤ ሦስተኛ አይጨምሩ።

ከ«ይገባል» የሚከፋው ደግሞ አድራጊውን የሚሰውረው አነጋገራችን ነው። «የመጠባበቂያ ቅጂ በየዕለቱ ይወሰዳል።» ማን ነው የሚወስደው? አማርኛው ቀጥ ያለ ነው፣ ለጆሮም ይጥማል፣ ሰው ግን የለበትም። በፖሊሲ ውስጥ ሲሆን ይታለፋል። በፕሮሲጀር ውስጥ ሲሆን ማንም አይወስደውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ተቋም ለሌላ ሥራ ተጠርቼ ሳለ ዋናው ሲስተም ወደቀ። የመጠባበቂያ ቅጂው እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ እንዴት እንደሚመለስ የሚያውቀው ሠራተኛ ግን ለቀብር ወደ ገጠር ሄዶ ስልኩ አይሠራም። ኃላፊው ከቢሯቸው ማኅተም ያረፈበትን ወፍራም ሰነድ ይዘው መጡ። ገለጥን። «ሲስተሙ ሲቋረጥ በአፋጣኝ ወደ አገልግሎት እንዲመለስ ይደረጋል» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ኮሚቴ ያወራል። ቅርንጫፎች ይደውላሉ፤ ደንበኛ ተሰልፏል።

ከሥራው ሦስት ወር ያልሞላት አንዲት ወጣት ባለሙያ የሰርቨሩን ካቢኔት በር ስትከፍት፣ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አገኘች። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉ 11 መስመሮች። ሰባተኛው ተሰርዞ ከጎኑ «መጀመሪያ ዳታቤዙ ይቁም፤ አለዚያ ይበላሻል» የሚል ተጨምሮበታል። ጣቷን ከመስመር ወደ መስመር እያወረደች ድምፅ አውጥታ አነበበች፤ ሌላው ባልደረባዋ እየሰማ ይጫናል። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ፣ ሁለቴ አነበቡት፣ ቀጠሉ። ከሰዓት በኋላ ሲስተሙ ተመለሰ።

በዚያ ሕንፃ ውስጥ የነበረው እውነተኛ ፕሮሲጀር ያ ወረቀት ነበር። ሠርቶ ያየ ሰው ጽፎታል፤ ተሳስቶ አርሞታል፤ ሥራው ባለበት ቦታ አስቀምጦታል። የጎደለው የጻፈው ሰው ስም፣ የተጻፈበት ቀንና ሁለተኛ ቅጂ ነበር። ሰኞ ዕለት ሦስቱ ተጨምረውበት በኮምፒውተር ተጻፈ። እስከ ዛሬ ስለ ፕሮሲጀር ሳስብ ሰባተኛው መስመር ፊቴ ይመጣል፤ እንዲህ ያለ መስመር ማንም አማካሪ ቢሮው ተቀምጦ ሊጽፍልዎት አይችልም።

ትልልቆቹም በዚሁ ቦታ ይወድቃሉ። የአሜሪካው የብድር መረጃ ኩባንያ ኢኩፋክስ እ.ኤ.አ. በ2017 የገጠመውን ብዙዎች ሰምተዋል። አፓቺ ስትረትስ በተባለ ሶፍትዌር ላይ የተገኘው ከባድ ክፍተት ማርች 7 ይፋ ሆነ። ኩባንያው እንዲህ ያለ ክፍተት በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲደፈን የሚያዝ የራሱ ድንጋጌ ነበረው፤ በእኛ አከፋፈል ስታንዳርድ ልንለው እንችላለን፣ ጥሩ ስታንዳርድም ነው። ማርች 9 ከ400 ለሚበልጡ ሰዎች በኢሜይል ማሳሰቢያ ተላከ። ከዚያስ? ክፍተቱ ያለበትን ሲስተም የሚያውቀው የሶፍትዌር ባለሙያ ከተቀባዮቹ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ አለቃው ማሳሰቢያው ቢደርሰውም አላስተላለፈለትም። የትኛው ሶፍትዌር በየትኛው ማሽን ላይ እንዳለ የሚያሳይ የተሟላ መዝገብም አልነበራቸውም። ሰርጎ ገቦቹ ሜይ 13 ገብተው እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ ቆዩ፤ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መረጃ ተወሰደ።

48 ሰዓት የሚለው ቁጥር እዚያው ወረቀት ላይ ነበር። ማሳሰቢያውን ማን ተቀብሎ፣ የማንን ሲስተም ፈትሾ፣ «ደፍኛለሁ» ብሎ ለማን እንደሚፈርም ግን የታሰረ ነገር አልነበረም። ለ400 ሰው የተነገረ ሥራ ለማንም አልተሰጠም። ኦዲተርዎ «ለዩ» ሲል ዋናው ፍሬ ነገር ይህ ይመስለኛል፦ አራቱ ሲቀላቀሉ የጎደለው አይታይም። 74 ገጹ ሙሉ ይመስላል። ሲለያዩት ግን ከፖሊሲው 5 ገጽ፣ ከስታንዳርዱ 20 ገጽ ያገኙና የፕሮሲጀሩ ማኅደር ባዶ ሆኖ ያገኙታል። ያ ባዶ ማኅደር አያሳፍርዎት፤ እውነተኛውን ሁኔታ ያሳየዎታል።

ሥራውን እንዲህ ይጀምሩ። ሰነዱን ያትሙና ሦስት ቀለም ይዘው ከአንድ ባልደረባዎ ጋር ይቀመጡ። ቦርድ ብቻ የሚቀይረውን በአንዱ፣ የሚለካውን በሌላው፣ ምክር የሆነውን በሦስተኛው ያቅልሙ። ቅደም ተከተል የሚናገር አንቀጽ ካገኙ ዳር ላይ የሚሠራውን ሰው ስም ይጻፉ፤ ስም መጻፍ ካቃታችሁ ፕሮሲጀር አይደለም። ቀለም የማይይዝ ብዙ ገጽ ይተርፋችኋል፤ ከሌላ ተቋም ሰነድ የተገለበጠው እሱ ነው። የማይመለከተን አገር ሕግ የተጠቀሰበት ፖሊሲ በእጄ ይዤ አውቃለሁ። ያንን ያለ ርኅራኄ ያውጡት። በምትኩ የሚመለከተንን ያስገቡ፦ ለምሳሌ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው አሮጌው ሰነድ ከተዘጋጀ በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ ፖሊሲው የደንበኞችን መረጃ በሚመለከት ከአዋጁ ጋር መስማማቱን ከሕግ ክፍል ጋር ይዩት።

ሰርኩላሮችንም አይርሱ። በየጊዜው በደብዳቤ የወጡ «ከዛሬ ጀምሮ ፍላሽ መጠቀም ተከልክሏል» የሚሉ ትእዛዞች በየፋይሉ ተበትነዋል፤ ሠራተኛው ከፖሊሲው ይልቅ የሚያውቀው እነሱን ነው። ሰብስበው ወደ ስታንዳርድ ያስገቧቸው፤ ደብዳቤዎቹም መሻራቸውን በአንድ ደብዳቤ ያሳውቁ።

ቦርዱ አጭሩን ፖሊሲ እስኪያጸድቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ፕሮሲጀሮቹን መጻፍ ግን ዛሬ መጀመር ይችላሉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይሞክሩ። ሦስት ይበቃሉ፦ የመጠባበቂያ ቅጂ መመለስ፣ የለቀቀ ሠራተኛን መለያ መዝጋት፣ የደኅንነት ማሻሻያ መጫን። የሚጽፈው ሥራውን የሚሠራው ሰው ይሁን፣ እርስዎ አይሁኑ። ጽፎ ሲጨርስ ሥራውን ሠርቶት ለማያውቅ ሌላ ባልደረባ ይስጡት፤ ጸሐፊው ከጎኑ ተቀምጦ ምንም ሳይናገር ይመልከት፤ ፈተናውም ሥራ ላይ ባለው ሲስተም ላይ ሳይሆን በመለማመጃው ላይ ይደረግ። አንባቢው ቀና ብሎ «አሁንስ?» ብሎ በጠየቀበት ቦታ ሁሉ አንድ መስመር ጎድሏል፤ እዚያው ይጨመር፣ ቀንና ስም ይጻፍበት፣ ሁለተኛው ቅጂ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ።